መልስ፦ ክር ከቀየሩ በኋላ ዝዝ ስለሚል ጊታር

ጤና ይስጥልኝ። በአኩስቲክ ጊታርዎ ላይ ከቀድሞው የቀጠነ ክር ካደረጉ ወዲህ ወፍራሙ 6ኛ ክር ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ የተተከሉት አግድም ብረቶች) ድረስ ዝዝ እንደሚል፣ ከዚያ በላይ ግን ንጹሕ ድምፅ እንደሚሰጥ ገልጸዋል። ጩኸቱ የሚሰማበት ቦታ ምክንያቱን ስለሚጠቁም፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው አንገቱን ነው። ቀጭን ክር አንገቱን የሚስበው በአነስተኛ ኃይል በመሆኑ፣ ለቀድሞው ወፍራም ክር ተስተካክሎ የነበረው ትራስ ሮድ የሚባለው የውስጥ ብረት አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ክሩም ሲርገበገብ ፍሬቶቹን ይነካል።

ይህን ለማረጋገጥ ጊታሩን በሚገባ ቃኝተው፣ በ1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) አስረው፣ 6ኛውን ክር በ14ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑትና በ7ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ሊሆን ይገባል። ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ፣ ብረቱን በብሩጎላ ቁልፍ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ከሩብ ዙር ባልበለጠ አላልተው እንደገና ቃኝተው ይለኩ። እምቢ ካለ ግን በፍጹም አያስገድዱት፤ የተሰበረ ትራስ ሮድ ጥገናው እጅግ ከባድ ነው።

ክሩ ሳይጫኑት ሲመታ ብቻ ቢጮህ ኖሮ የነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ቦይ መጥለቁን፣ በአንድ ፍሬት ላይ ብቻ ቢሆን ደግሞ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚታሰሩበት ክፍል) በኩል የሚቀጥለው ፍሬት ከፍ ማለቱን እጠረጥር ነበር። ብሪጁ ላይ ያለውን ሳድል (ክሮቹ የሚያርፉበትን ቀጭን ቁራጭ) ከፍ ማድረግ ጩኸቱን ሊቀንስ ቢችልም፣ አንገቱን ሳያስተካክል መጫወቱን ለጣት ስለሚያከብድ አልመክረውም።