ሳይደማመጡ መታረቅ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ሲሆን በአንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት አገለግላለሁ። ባለፈው ዓመት በተማሪዎች ማደሪያ በብሔር ሰበብ ጠብ ተነሥቶ መስኮት እስከ መሰባበር ደርሶ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሴ ተቀድሶ ሁለቱ ወገኖች በአዳራሽ ተጨባበጡ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ምግብ ቤት ውስጥ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። አሁን ለዕርቅና ለማኅበራዊ ፍትሕ በተቋቋመው ኮሚቴ ተመርጫለሁና ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ቅዳሴው መቀደሱ መልካም ነበር፤ የጎደለው ማን ምን እንደ ተበደለ ሳይነገርና ሳይደመጥ ወደ መጨባበጡ መታለፉ ነው።

ለዚህ ያደጉበት ከተማ ራሱ ያስተምርዎታል። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው የሽምግልና ሸንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲመለከቱ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰማችሁ ወይ» እንደ ማለት ነው። ነገሩ በሚገባ ሳይሰማ ወደ ውሳኔ አይኬድም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበውን የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላን ብዙዎቻችን በሐዋሳው ጉዱማሌ በሚታየው ጭፈራ እናውቀዋለን፤ የተጣሉት ግን የሚታረቁት በዓሉ ከመግባቱ በፊት ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማከብረውም ይህን ቅደም ተከተል ነው። እርስዎም ተማሪዎቹን መጀመሪያ በየግል፣ ቀጥሎም በትንንሽ ቡድን ያነጋግሩ፤ ደብተሩ የተቀደደበት፣ ብርድ ልብሱ የጠፋበት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተሰደበ ሁሉ የደረሰበትን ይናገር፤ የበደለውም ሳያቋርጥ ያድምጥ።

ከመስማት በኋላ ካሳ ይከተላል። በአሜሪካ የሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲውን የመሠረተው የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ 272 በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ሸጠው ከገንዘቡ ከፊሉን ለዩኒቨርሲቲው ዕዳ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በተሸጡት ሰዎች ተወላጆች ፊት በጸሎት ሥርዓት ይቅርታ ተጠየቀ፤ ሽያጩን በፈጸሙትና ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲውን በመሩት ኢየሱሳዊ ስም ይጠራ የነበረው ሕንፃም በሽያጩ ሰነድ ላይ ስሙ በመጀመሪያ በሰፈረው በአይዛክ ሆኪንስ ስም ተሰየመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለተወላጆቹ የሚውል 27 ዶላር ከ20 ሳንቲም በየመንፈቀ ዓመቱ እንዲከፈል በድምፅ ደገፉ። ይቅርታው 179 ዓመት መዘግየቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ስም ተጠርቷል፣ በደሉም በይፋ ተነግሯል።

ዕርቅና ፍትሕ በአንድ ኮሚቴ ሥር መሆናቸውን ወድጄዋለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. የ1972ን የዓለም የሰላም ቀን መልእክት «ሰላምን ከፈለግህ ለፍትሕ ሥራ» ብለው ሰይመውት ነበር፤ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ባወጡት ሰነድ፣ ተቋማቱ በጥናታቸው ሊያተኩሩባቸው ከሚገቡ ጉዳዮች መካከል ፍትሕ ለሁሉ እንዲዳረስ ማድረግን ጠቅሰዋል። ይህ ጥናት በራሱ በግቢው ውስጥ ካልተጀመረ ማን ያምነዋል? ስለዚህ እርስዎን መልሼ ልጠይቅዎ፤ በጠቡ ማግስት የመስኮቱን ስብርባሪ ከኮሪደሩ የለቀሙት እነማን ናቸው? ባጠገባቸው ያለፈ ሰው አይዟችሁ ብሏቸዋል? በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከሆነስ ደመወዛቸው ስንት እንደ ሆነ ኮሚቴው ያውቃል? የጽዳት ሠራተኞችና የጥበቃ አባላት ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ቁርስ ሳይበላ ክፍል እንደሚገባ ከአስተዳደሩ ቀድመው ያውቃሉና ከኮሚቴው ሊቀሩ አይገባም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ስብሰባ እነርሱ ከሥራ በሚያርፉበት ሰዓት ይጥሩት፤ ቅድሚያ የመናገሩንም ዕድል ለእነርሱ ይስጡ።