አርባ ዘር ወይስ ሁለት ሳጥን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። በረንዳችን ላይ ሁለት ሳጥን አፈር አዘጋጅቼ በእያንዳንዱ 20 የጎመን ዘር እዘራለሁ። አንዱን የባሕር ዛፍ ቅጠል አለብሰዋለሁ፤ ሌላውን ባዶውን እተወዋለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ግን «ይሄ ሙከራ አይባልም» አለችኝ። 40 ዘር አንሶ ነው?
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ዘሩ አላነሰም። ያነሰው ሳጥኑ ነው። መቶ መቶ ብትዘሪም ያው ነው።

እስቲ በረንዳሽን አስቢው። የጠዋት ፀሐይ አንዱን ጥግ ብቻ ያገኘዋል። በሌላው ጥግ ከላይ ቤት የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል። የባሕር ዛፉ ሳጥን ልብሱ ሥር ውሎ ዘሩ ቢበሰብስ፣ ጥፋቱ የቅጠሉ ነው የውሃው? በምን ታውቂያለሽ? በአንድ ሳጥን ያሉ 20 ዘሮች አፈራቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ፣ ጥላቸው አንድ ነው። አንዱን ሻጋታ ከያዘው ጎረቤቱም አይተርፍም። ቅጠሉን ያለበስሽው ሳጥኑን ነውና የሚቆጠረውም ሳጥኑ ነው። ስለዚህ በእጅሽ ያለው አንድ ለአንድ ነው።

ይሄ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስልሽ። ስቱዋርት ሀርልበርት የሚባል አሜሪካዊ የኢኮሎጂ ሰው 176 የሙከራ ጥናቶችን አገላብጦ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ 27 በመቶዎቹ ውስጥ ይህንኑ አገኘ። እኔ «የውሸት ድግግሞሽ» እለዋለሁ፤ ሙከራው ብዙ ጊዜ የተደገመ ይመስላል እንጂ አልተደገመም።

እኔም ወድቄበታለሁ። ተማሪ ሳለሁ እንጦጦ ወጥቼ ከአንድ የባሕር ዛፍ ደን 30፣ ከአንድ የጥድ ደን 30 የአፈር ናሙና ቆፈርኩ። በፌስታል ቋጥሬ፣ ተሸክሜ ወረድኩ። አማካሪዬ «ስንት ደን ነው ያየኸው?» ብቻ አሉኝ። ሁለት። አንዱ ተዳፋት ላይ፣ አንዱ ሜዳ ላይ ነበር። ልዩነቱ የዛፉ ይሁን የዳገቱ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። የሁለት ወር ልፋቴ እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ያንቺም እንዳይቀርብሽ ነው ቶሎ የጻፍኩልሽ።

አሁን ሳጥኑን ተይውና 18 ባዶ ሀይላንድ ሰብስቢ። ወገባቸውን ቁረጪ፣ ሥራቸውን ብሺ። አፈሩን በአንድ ክምር በደንብ አደባልቀሽ ሙያቸው። በእያንዳንዱ 5 ዘር ዝሪ። ስድስቱን የባሕር ዛፍ ቅጠል አልብሺ፣ ስድስቱን ባዶ ተዪ፣ ስድስቱን ደግሞ በሚዛን እኩል የሆነ የወይራ ቅጠል አልብሺ። ወይራው ለምን? ማንኛውም ቅጠል ብርሃን ይከልላል፣ እርጥበት ይይዛል። ጎመኑ በወይራውም ሥር እኩል ሳይበቅል ከቀረ፣ ነገሩ የባሕር ዛፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለእኔ ከሙከራሽ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ሦስተኛው ወገን ነው።

አቀማመጡ ላይ አትቸኩዪ። ከፀሐዩ ጥግ እስከ ጥላው ስድስት ረድፍ አውጪ። በየረድፉ ከሦስቱም ዓይነት አንድ አንድ ይግባ። በረድፉ ውስጥ ማን የት እንደሚቆም ግን ወረቀት ጠቅልለሽ በዕጣ ይውጣ። «እንደመጣልኝ አዘበራርቀዋለሁ» አይሠራም፤ እጅ ሳያውቀው ያዳላል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እንግሊዝ አገር ሮተምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ለማሳ ሙከራ አጥብቆ የተሟገተው ለዚሁ ዕጣ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ስለ እንጦጦ ጫካ እንዳትፈርጂበት አደራ። ጫካው ውስጥ የሥር የውሃ ሽሚያ አለ፤ ሀይላንድሽ ውስጥ ያ የለም። ያንቺ ሙከራ የሚናገረው ስለ ወደቀ ቅጠልና ስለ ጎመን ዘር ነው። ለመመረቂያ ይበቃል።

ሳትዘሪ በፊት ደብተርሽ ላይ «በቀለ» የምትዪው ምን ሲታይ እንደሆነና በስንተኛው ቀን እንደምትቆጥሪ ጻፊ። 20 ዘር እርጥብ ጥጥ ላይ አድርገሽም ሞክሪ፤ ግማሹ እንኳ ካልበቀለ ሌላ ዘር ግዢ። በረንዳችሁ ክፍት ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ጀምሪ። የሐምሌ ዝናብ ቅጠልሽን ጠርጎ ይወስደዋል።