የመስክ ደብተር አይፋቅም

ልጆቼ፣

በእኛ ሙያ ላጲስ ነውር ነው። ቀያሽ ንባቡን ሲሳሳት የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ ሰረዝ ብቻ ይሰርዘዋል፣ ትክክለኛውን ከበላዩ ይጽፋል፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት። እንዲህ ባለ ደብተር 31 ዓመት መንገድ ቀይሼ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም ራስጌዬ አንድ ደብተር አለ፤ የሚጻፍበት ግን የመንገድ ጉዳይ አይደለም።

ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያንር፣ አንዴ በድባቴ የሚጥል የአእምሮ ሕመም አለብኝ። የጫትና የመጠጥ ሱሰኛም ነኝ። ይህን የምጽፈው ሕመሙና ሱሱ አንድ ላይ ለያዟችሁ ነው። "ነበርኩ" አላልኩም። ካቆምኩ 14 ዓመት አልፎኛል፣ ሐራራው ግን ዓመት በዓል ሲደርስ አሁንም ይጎበኘኛል።

ሲጀምረኝ ማንም በሽታ አላለውም። ምሥራቅ በረሃ ካምፕ ውስጥ ነበርን፤ ከምሳ በኋላ በርጫ ነው፣ ያልቃመ እንደ ሰላይ ይታያል። ሌሎቹ ሲመረቅኑ ጸጥ ይላሉ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያላዘዘኝን ድልድይ እነድፋለሁ። "ታታሪ ልጅ!" ተባልኩ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ቆይቼ በአራተኛው ቀን ደመወዜን ለመንገደኛ አድዬ፣ ከአለቃዬ ጋር ተያይዤ ተገኘሁ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ጣሪያ እያየሁ ተኛሁ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ለመተኛት አረቄ፣ ለመነሳት ጫት፤ ዓመታት በዚህ አለቁ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው የጫት አይሱዙ እንደዚያ የሚበርረው። (በ60 ኪሎ ሜትር የነደፍነውን ጠምዛዛ በ110 ሲያልፉት ስንቴ ዓይኔን ጨፍኛለሁ!) ሌላውን ሰው እንቅልፍ ቢነሳው ነገ ይተኛል። ባይፖላር ላለበት ሰው ግን እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ይህን ያወቅሁት በ40 ዓመቴ ነው። ቀድሞ የነገረኝ የለም፤ አንዱ ሐኪም "መጀመሪያ መጠጡን ተውና ና" አለኝ፣ ስለ ሱስ የሚያማክረው ደግሞ "መጀመሪያ አእምሮህን ታከም"። በሁለቱ በር መካከል ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። እናንተ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰማችሁን ፈልጉ፤ ካጣችሁም ለእያንዳንዱ ስለሌላው ራሳችሁ ንገሩት። ምን ያህል እንደምትጠጡ ለሐኪም አትዋሹ። እኔ ስምንቱን ሁለት እያልኩ የሰጡኝ መድኃኒት ጉበቴን ሊጨርሰው ነበር።

መጠጥ በየቀኑ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ በወኔ፣ ቤት ዘግታችሁ፣ በአንድ ጊዜ አታቁሙ። መንቀጥቀጡና ላቡ ቀላል ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከዚያም መቃዠት። ሰው ይሞትበታል። ጤና ተቋም ገብታችሁ በመድኃኒት እየታገዛችሁ አቁሙ።

የምፈራላችሁ ግን የሐራራውን ቀን አይደለም። የምፈራው "ዳንኩ" የምትሉበትን ቀን ነው። እኔን ሁለት ጊዜ የጣለኝ እሱ ነው። እንቅልፌ ተስተካክሎ፣ ፊቴ ተመልሶ፣ ሰው "ወፈርክሳ!" ሲለኝ ኪኒኑን ተውኩ። አንድ ወዳጄም "ኪኒኑ ራሱ ሱስ ነው፣ ከሱስ ወደ ሱስ ነው የሄድከው" ብሎ አግዞኛል። ስሜትን የሚያረጋጉት መድኃኒቶች ሐራራ የላቸውም። እንደ ዲያዜፓም ያሉት የማስታገሻ ኪኒኖች ግን እውነትም ሱስ ያስይዛሉ፣ ስለዚህ የምትውጡትን በስም እወቁት። ሴቶች ልጆቼ፣ ቫልፕሮት የሚባለውን የምትወስዱ ካላችሁ ከማርገዝ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ጽንስ ይጎዳል።

ውጭ አገር ሆናችሁ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ የምትሄዱ፣ "ኪኒን የሚውጥ ንጹሕ አይባልም" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ማኅበሩን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቢል ዊልሰን፣ መጠጥ ካቆመ በኋላ ለዓመታት በድባቴ ተሰቃይቷል። ማኅበሩም በጽሑፉ አባላቱን ሐኪም አትሁኑ ብሎ ይመክራል። ይህን ንገሩልኝ።

እኔ ጸበል እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ለጾም ብዬ የጠዋቱን ስዘል ሐኪሜ ደረሰችብኝና አልተቆጣችም፣ ሰዓቱን ወደ ማታ አዞረችልኝ። ጠይቆ ማዞር እያለ መዝለል ምን ይሉታል?

የእኛ አገር ችግር "በሞቴ!" ነው። ሰርግ ላይ ያቺ አክስት ብርጭቆ ይዛ ስትቆም ስለ ሱስ ትምህርት መስጠት አይሆንም። "መድኃኒት ላይ ነኝ" በሉ፤ እውነትም ነው፣ ሰውም ያከብረዋል። አምቦ ውኃ በሎሚ በረጅም ብርጭቆ ያዙ፤ ባዶ እጅ ነው ጠጪ የሚጋብዘው። ብርዝ ሲሰጧችሁ መቼ እንደተበረዘ ጠይቁ፣ ካደረ ሌላ ነገር ነው።

ደብተሩ ላይ ጠዋት ጠዋት ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ኪኒን ዋጥኩ ወይስ አልዋጥኩም፣ ሐራራው ከአሥር ስንት ነው። ቀያሽ ከሚታወቅ ከፍታ፣ ከቤንች ማርክ ይነሳል፤ የእኔ ቤንች ማርክ እንቅልፍ ነው። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከአምስት ሰዓት በታች ከሆነ ለእህቴ እደውላለሁ። ጤነኛ ሳለሁ የተዋዋልነው ነገር አለ፦ "ሲያመኝ አላመመኝም እልሻለሁ፣ አትስሚኝ፣ ይዘሽኝ ሂጂ።" እሷ ደብተሩንም አትጠብቅም። እንግሊዝኛ ማብዛት ስጀምር ትነቃብኛለች።

የመጀመሪያው ማቆሜ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ጠጣሁ። በማግስቱ "ከጠፋሁ አይቀር" ብዬ ኪኒኑንም ልጥለው ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ከመጠጡ የከፋው ያ ሐሳብ ነበር። ስድስቱን ዓመት በሙሉ ልፍቀው ተነሳሁ እኮ። ከዚያ እጄ ልማዱን አደረገ፦ አንድ ሰረዝ። ያ ገጽ ዛሬም ይነበባል። "አልጠጣሁም" የሚለው ተሰርዟል፣ ከበላዩ "ጠጣሁ" ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ በተንቀጠቀጠ እጅ፦ "ከጠዋቱ 3፡20፣ ለሐኪሟ ደወልኩ።"