ብሉቱዝ ለሌለው የቆየ አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየሩን መቀየር አያስፈልግህም። «ብሉቱዝ የለውም፤ የስልኬን ሙዚቃ በምን ላጫውትበት?» ላልከው ርካሹ መፍትሔ ትንሽ የብሉቱዝ ሪሲቨር (ከስልክህ የሚመጣውን ሙዚቃ ተቀብሎ በገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ነው።

1. ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚሉትን ቀዳዳዎች ፈልግና የሪሲቨሩን ገመድ ሰካ፤ ቀይ ለቀይ፣ ነጭ ለነጭ።
2. የአምፕሊፋየሩን መምረጫ ወደዚያው አዙርና ስልክህን ከሪሲቨሩ ጋር በብሉቱዝ አገናኝ።
3. የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገህ ተወው፤ በአምፕሊፋየሩ ቀንስ፣ ጨምር።

ስልክ በተደወለ ቁጥር ሙዚቃው መቋረጡ ካናደደህ (እኔን ያናድደኛል) ትንሽ ጨምረህ በዋይፋይ የሚሠራውን ግዛ። ሙዚቃውን ራሱ ከኢንተርኔት ስለሚስብ ስልክህ ነጻ ይሆናል።

ብቻ «ፎኖ» የሚለው ላይ እንዳትሰካ! እሱ የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ነው። እኔ ተሳስቼ ሰክቼ ድምፁ እየጎረበጠ ሲጮህ፣ ስፒከሩ የተቀደደ መስሎኝ ግማሽ ቀን ስፈታው ዋልኩ።