ድረ ገጽ ኩኪ «ይሰበስባል» ወይስ «ያስቀምጣል»?

ጥያቄ፦ አንድ ድረ ገጽ ስከፍት «ይህ ገጽ ኩኪሶችን ይሰበስባል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለብኝ። «ኩኪስ» ነው «ኩኪ»? «ይሰበስባል» የሚለውስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ከግሡ ልጀምር፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ይብሳል። ድረ ገጽ ኩኪ አይሰበስብም። ኩኪ ድረ ገጹ ራሱ የሚልከው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንድ መለያ ቁጥር ነው። የሚቀመጠው በእርስዎ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ውስጥ ነው። ያንኑ ገጽ ደግመው ሲከፍቱ ብራውዘሩ ጽሑፉን መልሶ ይልክለታል። ገጹም ቅድም የገቡት ሰው መሆንዎን ያውቃል። ኩኪ ባይኖር ኖሮ ከገጽ ወደ ገጽ ባለፉ ቁጥር የይለፍ ቃል ይጠየቁ ነበር። ሉ ሞንቱሊ የተባለው የብራውዘር ሠሪው ኩባንያ የኔትስኬፕ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈጥረው የታሰበው ለኢንተርኔት ገበያ ነበር፤ ደንበኛው የመረጠው ዕቃ ከቅርጫቱ እንዳይጠፋ።

ስለዚህ «ኩኪ ያስቀምጣል»፣ «በኩኪ አማካይነት መረጃ ይሰበስባል» እንበል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ይሰበስባል» የሚለውን ያነበበ ሰው ኩኪው የገጹ ባለቤቶች ዘንድ ያለ፣ የእሱ እጅ የማይደርስበት ነገር ይመስለዋል። ያለው ግን ገዛ ስልኩ ላይ ነው፤ ሴቲንግ ገብቶ ሊያጠፋው ይችላል። በዚህ የማይጠፋው አስቀድሞ ኩባንያው ጋ የደረሰው መረጃ ነው። አንድ ገጽ ላይ ያዩት ጫማ ዜና ሲያነቡም በማስታወቂያ እየተከተለ የሚመጣው በኩኪ አማካይነት ነው። አስተዋዋቂው ድርጅት ሁለቱም ገጾች ላይ ስላለ፣ እዚያ ያስቀመጠውን ኩኪ እዚህ ያነበዋል። ይህን «የሦስተኛ ወገን ኩኪ» ይሉታል፤ እኔም ስያሜውን ወድጄዋለሁ፣ ማን እንደሚያይዎት በግልጽ ይናገራል።

«ኩኪስ» ካፌ ውስጥ ምንም አይልም። የእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ምልክት «ስ» ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ «ቺፕስ»ም እንዲሁ ነው። ለኢንተርኔቱ ግን «ኩኪ፣ ኩኪዎች» የሚለው በጎግል የአማርኛ ገጾችም ስለተለመደ እሱን እመርጣለሁ።

ሳይጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ኩኪ ብቅ በሚለው ጽሑፍ ሥር ባለው ቁልፍ ላይ «ተቀበል» ከሚባል «ፍቀድ» ቢባል ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለገጹ ሥራ የግድ ላልሆኑ ኩኪዎች አስቀድሞ የተጠቃሚው ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። «ፍቀድ» ያንን ፈቃድ በስሙ ይጠራዋል፤ «አልፈቅድም» ማለት እንደሚቻልም ያስታውሳል።