«አደጋ» ወይስ «ክስተት»?

ጥያቄ፦ የበረራ ምርመራ ሪፖርቶችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ባልደረቦቼ «አክሲደንት»ንም «ኢንሲደንት»ንም «አደጋ» ይሏቸዋል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ግን አልፈርድባቸውም። «አደጋ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ሽፍታ አደጋ ሲጥል ጥቃት ነው፤ ገደላማ መንገድ አደጋ አለው ስንል ስጋት ነው፤ አደጋ ደረሰ ስንል ግን ሳይታሰብ የመጣ መከራ ነው። ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ይህ ሦስተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት (የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት)፣ የአደጋ ምርመራን የሚመለከተው 13ኛ አባሪ ደግሞ ወሰን ያበጅለታል። የመጀመሪያው ሰው ለመብረር ከተሳፈረበት ሰዓት ጀምሮ ሁሉም እስኪወርዱ ድረስ ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ፣ አውሮፕላኑ ብርቱ ጉዳት ከደረሰበት ወይም ደብዛው ከጠፋ «አደጋ» ነው። ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ለጥቂት ቢተላለፉና ማንም ባይጫር ግን አደጋ አልደረሰም፤ «ኢንሲደንት»ን «ክስተት»፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ «ከባድ ክስተት» ይበሉት። «ክስተት» ብቻውን ፀሐይ ግርዶሽንም ስለሚጠራ፣ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «የበረራ ደኅንነት ክስተት» ቢሉ ይሻላል።

የካሳ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው የ1999 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 17 ለተሳፋሪ አካል ጉዳት «አደጋ»ን፣ ለሻንጣ ደግሞ ሰፋ ያለውን «ድርጊት» (ኢቨንት) ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጎመ ሰው ሕጉን ራሱን ቀየረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የ1929 የዋርሶ ስምምነት ዘመን ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ የበረረች ተሳፋሪ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲወርድ ጆሮዋን አሟት በኋላ አንዱ መስማት ተሳነው። የአየር ግፊቱ መሣሪያ ግን በደንቡ ሲሠራ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985፣ አደጋ ማለት ከተሳፋሪው ውጭ የመጣ ያልተጠበቀ ወይም ያልተለመደ ነገር ነው፤ ሰውነቷ ለተለመደ በረራ የሰጠው ምላሽ አደጋ አይባልም አለ። በእኛ አነጋገር ጉዳት ደርሶባታል፣ አደጋ ግን አልደረሰባትም። ስለዚህ «ጉዳት»ን በ«አደጋ» ቦታ አይተኩ፤ ጋዜጦቻችን በየቀኑ ያደርጉታል፣ እርስዎ አይከተሏቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ13ኛው አባሪ መሠረት የምርመራው ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም። «ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረጉ ምክንያቶች» ይጻፉ፤ «አደጋውን ያደረሰው አብራሪ» የሚለው ለፍርድ ቤት ይቆይ።