ሞተሩና መሪው በአንድ ቀንበር

ከሜሪላንድ የመጣ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ አምና አንድ አሮጌ ካታሊና 22 ባለ ሸራ ጀልባ ገዛሁ። የማቆመው አናፖሊስ አጠገብ ነው። በሸራ ስሄድ ደስ ይላል፣ ምንም አልልም። ችግሬ ሞተሩ ነው። ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሲሆን ከኋላ በግራ በኩል ተንጠልጥሏል። ከማቆሚያዬ ወደ ኋላ ስወጣ ጀልባው መሪውን አይሰማም። ነፋስ ከጎን ከመጣማ አለቀልኝ። ሁለት ጊዜ የጎረቤቴን ጀልባ ገጨሁበት። አንድ ሰው ሞተሩን ከመሪው ጋር በብረት አገናኘው አለኝ። ይሠራል? ወይስ ሌላ ጣጣ ልገዛ ነው?»

ይሠራል። ጣጣም አለው። ግን ጣጣው የሚታወቅ ስለሆነ አስቀድመን እንዘጋዋለን።

መጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። መሪ የምለው ከኋላ ውኃ ውስጥ የገባውን ሳንቃ ነው። አንተ የምትይዘውን እንጨት የመሪ እጀታ እለዋለሁ። ሞተሩም የራሱ እጀታ አለው።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ነው። እዚያ በሠራሁባቸው ጀልባዎች ሞተሩ ራሱ መሪ ነበር። ሞተሩን ስታዞር ጀልባው ይዞራል፣ አለቀ። ያንተ ጀልባ ግን ሁለት አለቃ አለው። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይመራል፣ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም።

የመሪ ሳንቃ ብቻውን ጉልበት የለውም። ውኃ ሲያልፍበት ነው የሚሠራው። ሞተራቸው ሆዳቸው ውስጥ በሆነ ጀልባዎች ፕሮፔለሩ ብዙ ጊዜ ከመሪው ፊት ነው። ስለዚህ ጀልባው ቆሞ እንኳ ትንሽ ነዳጅ ብትሰጠው ውኃውን መሪው ላይ ይወረውረዋል፣ የጀልባው ጀርባም ይዞራል። ያንተ ፕሮፔለር ግን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግራ ነው። የሚወረውረው ውኃ በመሪው ጎን ያልፋል። ወደ ኋላ ስትሄድማ ውኃውን የሚልከው ወደ ፊት፣ ወደ ጀልባው ሆድ ነው። መሪው ጨርሶ አይቀምሰውም። ጀልባው ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ እጀታውን ብትወዘውዘው ዋጋ የለውም።

በዚያ ላይ ሞተሩ መሀል ላይ አይደለም። በግራ ጎን ሆኖ ወደ ኋላ ሲጎትት አፍንጫው ወደ ግራ፣ ጀርባው ወደ ቀኝ መሄድ ይፈልጋል። የጎን ነፋስ ሲጨመርበት ውጤቱን አንተው ነግረኸኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትወጣ ኪሉ ወርዷል? ከሥር ያለውን ከባዱን ክንፍ ማለቴ ነው። ያንተ ጀልባ ኪሉ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ሲወርድ 1.5 ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ ሲሰቀል ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ብዙ ሰው «ማቆሚያው ጥልቀት የለውም» ብሎ እንደሰቀለ ይወጣል። ጀልባው አንድ ቶን ቢሆን ነው፤ ኪሉ ከተሰቀለ ነፋስ እንደ ቅጠል ይነዳዋል። ውኃው የሚፈቅድልህን ያህል አውርደው። ምናልባት ግማሹ ችግር እዚሁ ያልቃል፣ ብረቱንም አትገዛም።

ካልተፈታ፣ ሳትበሳና ሳትቆርጥ በፊት በእጅህ ሞክረው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጓደኛህን ይዘህ ውጣ። አንተ የመሪውን እጀታ ያዝ፣ እሱ የሞተሩን ይያዝ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን እኩል አዙሩ። ሁለቱም እጀታዎች ወደ ፊት ስለሚያዩ ወደ አንድ ጎን ሲገፉ ጀልባውን የሚያዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በኋላ ማርሽም እንደዚያው ነው። ጀልባው ባለበት ቦታ ሲሽከረከር ታያለህ። ልዩነቱ ካስደሰተህ ወደ ሥራው እንግባ።

ዋናው ጉዳይ ልኬቱ ነው። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ስትጠምድ እኩል መራመድ አለባቸው። እዚህም እንደዚያው ነው። መሪው የሚዞርበት ማጠፊያ አለ፤ ከዚያ ማጠፊያ እስከ ምታስርበት ቦታ ያለውን ርቀት ለካ። ሞተሩም የሚዞርበት የቆመ ዘንግ አለው፤ ከዚያም እስከ ማሰሪያው ለካ። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ይሁኑ። ሞተሩ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሪውም ላይ 20 ይሁን። ሁለቱም ማሰሪያዎች ከማጠፊያቸው ወደ ፊት መሆናቸውን አትርሳ። አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ካሰርክ ሞተሩ ወደ ግራ ሲል መሪው ወደ ቀኝ ይላል። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ሲደረግ አይቻለሁ።

እኩል ካልሆኑስ? መሪው ላይ 30፣ ሞተሩ ላይ 20 አድርገሃል እንበል። መሪውን 20 ዲግሪ ስታዞር ሞተሩ 31 ገደማ ይዞራል። መሪውን 35 ስታደርስ ሞተሩ ወደ 60 መሄድ ይፈልጋል። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከዚያ በፊት ይቆማሉ። አንተ ግን መግፋትህን አታቆምም፤ ያኔ የሚነቀለው የማንጠልጠያው ብሎን ነው።

የብረቱን ርዝመት በስሌት አትድከም። ሞተሩን ወደ ሥራ ቦታው አውርድ። ሁለቱንም ቀጥ አድርግ። ከማሰሪያ እስከ ማሰሪያ በሜትር ለካ፣ ያ ነው ርዝመቱ። የመሪው እጀታ ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ብረቱ ሰያፍ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ይሠራል።

ሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ተራ ብሎን አይበቃም። መኪና ላይ ቴስቲና የምንለውን፣ በኳስ ላይ የሚዞረውን መጋጠሚያ ትፈልጋለህ። ብረቱ ሰያፍ ስለሆነ በዞረ ቁጥር ይጣመማል፤ ኳሱ ነው ያንን የሚችለው። ከስቴንለስ የተሠራ፣ 3/8 ኢንች የሆነውን ግዛ። በመሀል 25 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ ይበቃል። አናፖሊስ ያለበት የቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ ጨው የነካው ውኃ ነው፤ ስቴንለስና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባና ቅባት ቀባው። ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን። ያለዚያ አንድ ቀን ዳዶውን የባሕሩ ወለል ላይ ትፈልገዋለህ።

ሞተሩ ላይ የት ይታሰር? ነዳጅ የሚሰጠው የሚሽከረከረው ጫፍ ላይ አታስር። ብዙ እጀታዎች ወደ ላይ ይታጠፋሉ፣ ስለዚህ የሚታጠፈውም ክፍል ጥሩ አይደለም። የማይንቀሳቀሰው የእጀታው ሥር ላይ በማቀፊያ ብረት እሰር። አንዳንድ ሞዴሎች ከርቀት ለመምራት ተብሎ ከፋብሪካ የተዘጋጀ ቀዳዳ አላቸው። የሞተሩን መጽሐፍ ገልጠህ እይ፣ ካለ እሱን ተጠቀም። የሞተሩን ሽፋን ወይም የሞተሩን አካል በድሪል እንዳትበሳ፣ እባክህ።

ሞተሩ ላይ የመሪ ማጥበቂያ ብሎን አለ። ስታያይዘው አላላው፣ ስትፈታው አጥብቀው። ጠብቆ ከቀረ የመሪው እጀታ እንደ ድንጋይ ይከብድሃል።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ። ይህ ነገር በቅጽበት መፈታት አለበት። በሸራ ስትሄድ ሞተሩ ከውኃ መውጣት አለበት፤ ብረቱ እንደታሰረ ሞተሩን ካነሳህ ወይ ብረቱ ይጎብጣል ወይ የመሪው እጀታ ይሰነጠቃል። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ በብሎንና በዳዶ አሰርኩት። ጥብቅ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። ከወደቡ ወጣሁ፣ ሸራ ሰቀልኩ፣ ኪያቤው ግን ታች ካቢኔ ውስጥ ነበር። እሱን ስፈልግ ጀልባው ዞረ፣ ሸራው ፊቴን ሲመታኝ ሞተሩን በደመ ነፍስ ሳብኩት። ቱቦው እንደ ቀስት ጎበጠ። ከዚያ ወዲህ መሪው በኩል በጣት የምትነቀል ፒን ነው የማደርገው፤ ፒኗም እንዳትጠፋ በገመድ አስራታለሁ።

ሞተሩ በኩል ደግሞ እንደ ፊውዝ የሚያገለግል ነገር አድርግ። ቼሳፒክ በአማካይ 6.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጠልቀው፤ ዳር ዳሩ ጭቃና ግንድ ነው። ሞተሩ መሬት ሲነካ ወደ ላይ መንጠር አለበት፣ ተፈጥሮው ነው። ማቀፊያውን ከቱቦው ጋር በቀጭን የናይለን ብሎን አያይዘው። ሲመታ ብሎኑ ይሰበራል፣ የጀልባው የኋላ ግድግዳ ይተርፋል። ትርፍ ሁለት ሦስት ብሎን ኪስህ ውስጥ ይኑር።

ውኃ ላይ ከመውጣትህ በፊት ጀልባው ተጎታች ላይ እያለ እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው። ፕሮፔለሩ ከመሪው ምን ያህል እንደሚርቅ እይ። ሁለቱ እኩል ስለሚዞሩ እንደ ድሮው አንዱ ሌላውን አይቆርጠውም፣ ግን ይቀራረባሉ። ቀጥ ሲሉ 45 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 35 ዲግሪ ላይ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወደ 37 ይወርዳል። ከ35 በላይ መሪው ራሱ ውኃውን መያዝ ይተውና ፍሬን ይሆናል። ስለዚህ እጀታው ከዚያ እንዳያልፍ በሁለቱም በኩል አጭር ገመድ እሰርለት። ብረቱ የኋላውን መደገፊያ ወይም የሸራውን ገመድ እንዳይነካም ተመልከት።

ሞተርህ የኋላ ማርሽ የሌለው፣ ወደ ኋላ ለመሄድ ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚዞር ትንሽ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ተወው እልህ ነበር። ባለ 6 ስለሆነ ግን ማርሽ ይኖረዋል ብዬ ነው።

አነዳዱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደ ኋላ ስትሄድ ውኃው መሪውን ከኋላ ይዞ ወደ አንድ ጎን ሊወረውረው ይፈልጋል። አሁን መሪው ሞተሩንም ይዞት ይሄዳል። እጀታውን አጥብቀህ ያዝ፣ ነዳጁን ትንሽ ስጥ፣ ከማርሽ ወደ ማርሽ ስትለውጥ ዜሮ ላይ ትንፋሽ ውሰድ። ቀዩን የሞተር ማጥፊያ ገመድ እጅህ ላይ እሰር። የባሕር ወሽመጡን በሞተር ረጅም መንገድ የምታቋርጥ ከሆነ ደግሞ ፒኗን ንቀል፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አጥብቅ፣ በመሪው ብቻ ሂድ። ያኔ ፍጥነት ስላለህ መሪው ይበቃል፣ ንዝረቱም እጅህን አያደነዝዘውም።

ማቀፊያውን ከማሠራትህ በፊት የሞተሩን ሞዴልና የእጀታውን ሥር ፎቶ ላክልኝ። ቀዳዳው ካለ ግማሹ ሥራ ቀለለልህ። እስከዚያው ጎረቤትህ ባለበት በኩል ሁለት የጎማ መከላከያ ጨምር።